በጅማ ተቀምጦ በድምፅ መኖር፦ ከመጀመሪያው ስልክ እስከ መጨረሻው ክፍያ

ጅማ ውስጥ ጥሩ ድምፅ ብርቅ አይደለም። አማርኛውንም አፋን ኦሮሞውንም አሳምሮ የሚያነብ ወጣት በየሠፈሩ አለ። ብርቅ የሆነው በቮይስ ኦቨር፣ ማለትም ለማስታወቂያና ለፊልም ጽሑፍ አንብቦ በመቅዳት ሥራ፣ ዓመታት የቆየ ሰው ነው። ብዙዎቹ የሚተዉት ድምፃቸው ስለከዳቸው አይደለም። ዋጋ መጥራት ያፍራሉ። ሳይጽፉ ይስማማሉ። አንዱን ጽሑፍ ደጋግመው ይቀዳሉ። ከዚያ ክፍያው «ነገ» እየተባለ ይቀራል። በመጨረሻ ደመወዝ ያለው ሥራ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ አልፈርድባቸውም።

እንዴት እንደሚተነፈስና ማይክ ፊት እንዴት እንደሚቆም የሚያስተምር ቪዲዮ ሞልቷል። ይህ መመሪያ ስለ ንግዱ ነው። ለግል ሠራተኛ፣ ያለ ቀጣሪ በራሱ ለቆመ የቮይስ ኦቨር ባለሙያ የተጻፈ ነው።

ደረጃ 1፦ የምትሸጡትን ለዩ

«ማንኛውንም የድምፅ ሥራ እሠራለሁ» የሚል ሰው በደንበኛው ጭንቅላት ውስጥ አይቀመጥም። ጅማ ላይ ገንዘብ ያለባቸው ሥራዎች እነዚህ ናቸው፦ የሬዲዮ ስፖት (አጭር ማስታወቂያ)፣ መርካቶና ፈረንጅ አራዳ ላይ በሞንታርቦ የሚዞር የሱቅ ማስታወቂያ፣ የመሥሪያ ቤትና የፕሮጀክት ዘጋቢ ፊልም፣ የጤና ትምህርት ቅጂ፣ የቡና ላኪዎች ቪዲዮ፣ የግል ትምህርት ቤቶች ማስተዋወቂያ፣ የስልክ «እንኳን ደህና መጡ» መልእክት፣ የመጽሐፍ ትረካ። ሁለት ወይም ሦስቱን ምረጡ። ለእያንዳንዱ ከ1 ደቂቃ ያልበለጠ ዴሞ፣ ማለትም ለደንበኛ የሚሰማ ናሙና፣ ቅዱ። ከመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ጀምሮ ድምፃችሁ ይሰማ፤ ረጅም የሙዚቃ መግቢያ አታስገቡ።

ሁለት ቋንቋ የምታነቡ ከሆነ ይህ ትልቁ ሀብታችሁ ነው። አዲስ አበባ ያለ አዘጋጅ አማርኛና አፋን ኦሮሞን በአንድ ሰው ማግኘት ይፈልጋል፤ አንድ ስልክ ደውሎ ይገላገላል። ግን አንዱን ቋንቋ «እግረ መንገዴን» አትስጡ። ሁለተኛው ቋንቋ ሁለተኛ ሥራ ነው፤ ሌላ ጽሑፍ፣ ሌላ ልምምድ፣ ሌላ ቅጂ። በዙሪያችን ካፋ፣ ዳውሮና የም አሉ። እነዚህን ቋንቋዎች የሚያነቡ ሰዎችን ከአሁኑ ተዋወቁ። ደንበኛው «የካፋውስ?» ሲላችሁ የምትጠቁሙት ሰው ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜም መጀመሪያ የሚደውለው ለእናንተ ነው።

ደረጃ 2፦ ጸጥ ያለ ቦታና ጸጥ ያለ ሰዓት

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ጥሩ ማይክ በመጥፎ ክፍል ውስጥ መጥፎ ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ክፍሉን አስተካክሉ። ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ፣ ወለል ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ ማስተጋባቱን ይቀንሳሉ። ክፍላችሁ ከመንገድ የማይርቅ ከሆነ፣ የአካባቢ ድምፅን ያን ያህል የማይሰበስብ ዳይናሚክ የሚባለው ማይክ ኮንደንሰር ከሚባለው ይሻላችኋል። ለመቅጃ አውዳሲቲ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው።

የጅማ ዋናው ጠላታችን ዝናብ ነው። ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የትኛውም ማጣሪያ አያጠፋውም። ክረምቱ ደግሞ እዚህ ረጅም ነው፤ ዝናቡም ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይጥላል። ስለዚህ ማለዳን የሥራ ሰዓት አድርጉ። ባጃጆቹ ሳይበዙ፣ አዛኑና ቅዳሴው የሚሰማበትን ሰዓት አውቃችሁ፣ የቀራችሁን ጊዜ በወረቀት ላይ ለዩት። ከዚያ ለደንበኛ ቀን ስትሰጡ ይህን ወረቀት እያያችሁ ስጡ። ሐምሌ ላይ «ዛሬ ማታ ይደርሳል» ማለት ሰማዩን ወክሎ ቃል መግባት ነው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ላፕቶፑ ሁልጊዜ ሙሉ ባትሪ ይኑረው።

ደረጃ 3፦ ወረቀቱን ጨርሱ

ብዙ ባለሙያ ይህን ደረጃ ይዘለዋል። ዝላዩ ግን ውድ ነው። ጥሩ የሚከፍሉት ደንበኞች መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ድርጅቶችና ፕሮጀክቶች ናቸው። እነሱ የሚገዙት በፕሮፎርማ፣ ማለትም በጽሑፍ በቀረበ ዋጋ ነው፤ የሚከፍሉት በደረሰኝ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ከሌላችሁ የሥራ ክፍሉ ቢወዳችሁ እንኳ ፋይናንስ ክፍሉ አያሳልፍላችሁም። ያኔ የሚፈጠረውን ታውቁታላችሁ፦ ፈቃድ ያለው ሌላ ሰው ሥራውን በስሙ ይወስድና ለእናንተ ቁራጩን ይሰጣችኋል።

ስለዚህ መለያ ቁጥሩን አውጡ። በከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሥራችሁ በየትኛው የፈቃድ መደብ እንደሚገባ ጠይቁ። ከዚያ ገቢዎች ሄዳችሁ ስለ ደረሰኝና ስለ ግብር ደረጃችሁ ተረዱ። የገቢ ግብር ሕጉ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ ከዚያ በፊት ፈቃድ ያወጣ ጓደኛ የነገራችሁን እንዳለ አትውሰዱ።

አንድ ነገር አስምሩበት። ድርጅት ሲከፍላችሁ ዊዝሆልዲንግ የሚባለውን ቀድሞ ቆርጦ ለመንግሥት ሊያስገባ ይችላል። የተቆረጠው ገንዘብ የእናንተ ግብር ቅድመ ክፍያ ነው፤ የዓመቱን ግብር ስታሳውቁ ይታሰብላችኋል። ግን ማስረጃው በእጃችሁ ከሌለ ማን ያስብላችኋል? የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙን ሳትቀበሉ ከቢሮው አትውጡ። የመለያ ቁጥር ለሌለው ሰው ደግሞ የሚቆረጠው ድርሻ በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ደረጃ 4፦ ዋጋችሁን አስሉ

ዋጋን ከሌላ ሰው አትቅዱ። አዲስ አበባ ያለው ባለሙያ ሌላ ኪራይ ይከፍላል፣ ሌላ ደንበኛ አለው። ከራሳችሁ ወጪ ተነሡ።

የወር ወጪያችሁን ጻፉ፦ ኢንተርኔት፣ መብራት፣ የቤት ኪራይ ድርሻ፣ ትራንስፖርት፣ ለመሣሪያ መተኪያ የሚቀመጥ፣ ግብር፣ እንዲሁም ለራሳችሁ ደመወዝ። ደመወዙን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ድምሩን በወር ውስጥ በእርግጥ ልታገኙ በምትችሉት የተከፋይ ሥራ ብዛት አካፍሉ። ለማሳያ ያህል ድምሩ 24,000 ብር፣ ሥራው 12 ቢሆን፣ 24,000 ለ12 ሲካፈል 2,000 ብር ነው። ይህ የእናንተ ወለል ነው። ከዚህ በታች የተሠራ ሥራ ሁሉ ከኪሳችሁ የወጣ ገንዘብ ነው።

ቀጥሎ ዋናው ነገር ይመጣል። ደንበኛው የሚገዛው ደቂቃ አይደለም። የሚገዛው ድምፃችሁን የመጠቀም መብት ነው። ለሠራተኛ ሥልጠና በአንድ አዳራሽ የሚታይ ቪዲዮና ዓመቱን ሙሉ በቴሌቪዥን የሚሄድ ማስታወቂያ ሁለቱም 45 ሰከንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛው ግን ድምፃችሁን ከአንድ ድርጅት ጋር ያስተሳስራል። የአንድ ባንክ ድምፅ ሆናችሁ ከተሰማችሁ ሌላው ባንክ አይደውልላችሁም። ያንን የታጣ ሥራ የሚተካው የአጠቃቀም ክፍያ ነው።

የእኔ አካሄድ ይህ ነው። ለውስጥ አገልግሎት ብቻ ከሆነ ወለሉን እጠይቃለሁ። ለጅማ ሬዲዮ ወይም ለሞንታርቦ እስከ 3 ወር ከሆነ የወለሉን አንድ ተኩል፣ በምሳሌያችን 3,000 ብር። ለቴሌቪዥንና ለማኅበራዊ ሚዲያ ለ1 ዓመት ከሆነ 3 እጥፍ፣ 6,000 ብር። ዛሬ ተልኮ ዛሬ የሚፈለግ ሥራ በላዩ ላይ ግማሽ ይጨመርበታል። ብዜቱን እንደ ገበያችሁ ለውጡት፤ ዋጋውን በአጠቃቀም የመለየቱን ሐሳብ ግን አትልቀቁት።

ለረጅም ትረካ በገጽ ከመተመናችሁ በፊት ራሳችሁን ለኩ። 3 ገጽ አንብቡ፣ ቅዱ፣ ስሕተቱን አርሙ፣ አጽዱ። ከጀመራችሁበት እስከ ጨረሳችሁበት ያለውን ሰዓት ያዙ። የ1 ሰዓት የተጠናቀቀ ትረካ የብዙ ሰዓት ሥራ መሆኑን ያኔ ታያላችሁ።

ደረጃ 5፦ ስልኩ ሲጮህ

ጥያቄው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። «እህቴ፣ አንዲት ደቂቃ እኮ ናት፤ ስንት ነው?» ወዲያው ቁጥር አትጥሩ። መጀመሪያ ጠይቁ፦

«እሺ ወንድሜ፣ ደስ ይለኛል። ጽሑፉ አልቋል? ስንት ቃል ነው? የት ነው የሚተላለፈው? ለምን ያህል ጊዜ? መቼ ነው የምትፈልጉት? ክፍያውን የሚያጸድቀው ማነው?»

የመጨረሻው ጥያቄ ወሳኝ ነው። የሚደውልላችሁ ሰው ብዙ ጊዜ መልእክተኛ ነው። እሱ «በጣም ቆንጆ» ያለውን ሥራ ሥራ አስኪያጁ «ትንሽ ወፈር ያለ ድምፅ ይሁን» ይልና ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ።

ከዚያ «በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዋጋውን በጽሑፍ እልካለሁ» በሉና ስልኩን ዝጉ። በስልክ ላይ የተጠራ ዋጋ ወዲያው ይወርዳል፤ ተጽፎ የተላከ ዋጋ ይከበራል። «ውድ ነው» ካሉ ዋጋውን ከመቀነስ ሥራውን ቀንሱ። «በ3,000 ብር ለ3 ወር ነው፤ ለ1 ወር ብቻ ከሆነ 2,300 ላደርገው እችላለሁ» በሉ። በባዶ የምትቀንሱ ከሆነ ግን ደንበኛው የመጀመሪያው ዋጋ የተጋነነ ነበር ማለት ነው ብሎ ያስባል፤ ቢያስብም አይፈረድበትም።

የወዳጅ ሥራ ሌላ ጉዳይ ነው። ጅማ ከተማ ብትሆንም ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። የአጎት ልጅ ሱቅ ይከፍታል፣ የዕድር ሰብሳቢው ማስታወቂያ ይፈልጋል፣ ጓደኛ ለሠርግ መጥሪያ ቪዲዮ ያስቀዳል። በነፃ መሥራት ከፈለጋችሁ በሙሉ ልብ ሥሩ፤ ማኅበራዊ ኑሯችን የሚቆመው በዚህም ነው። ግን ስጦታ መሆኑን ከነዋጋው ንገሩ፦ «ይህ 2,000 ብር የሚያወጣ ነው፤ ለአንተ የምርቃት ስጦታዬ ይሁን።» ለንግድ ከሆነ ደግሞ ቅናሽ ስጡ እንጂ ዋጋ ሳትነግሩ አትጀምሩ። ግማሽ ክፍያ፣ ግማሽ ውለታ የሆነ ሥራ ሁለቱንም ወገን ያስቀይማል።

ደረጃ 6፦ ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስምምነቱን ጻፉ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለአብዛኛው ውል የተለየ ፎርም አይጠይቅም። የቃል ስምምነትም ውል ሊሆን ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ማስረዳት ላይ ነው። «ሦስት ወር ብለን ነበር» «የለም፣ ለሁልጊዜ ነው» ሲባል በመካከል ማን አለ?

ለትልቅ ሥራ የተፈረመ ውል ይኑር። ለትንሹ ግን አንድ የቴሌግራም መልእክት በቂ ነው። እንዲህ ጻፉ፦

«ሰላም። በስልክ እንደተነጋገርነው፣ ሥራው 90 ቃል የአማርኛ ሬዲዮ ስፖት ነው። አገልግሎቱ ለጅማ ሬዲዮ ብቻ፣ ከመጀመሪያው ስርጭት ጀምሮ ለ3 ወር ነው። ዋጋው 3,000 ብር፤ ቀብድ 1,500፣ ቀሪው ንጹሑ ፋይል ከመላኩ በፊት። የመጨረሻው ጽሑፍ ከደረሰኝ በኋላ በ2 ቀን ውስጥ አስረክባለሁ። የእኔ የንባብ ስሕተት ያለ ክፍያ ይታረማል፤ የአነባበብ ስሜት ለውጥ 1 ጊዜ ይካተታል፤ ጽሑፉ ከተቀየረ አዲስ ዋጋ ይኖረዋል። ቅጂው የማሽን ድምፅ ለማሠልጠን ወይም ድምፄን አስመስሎ ለመሥራት አይውልም። ከተስማሙ እባክዎ ‹ተስማምቻለሁ› ብለው ይመልሱልኝ።»

«ተስማምቻለሁ» የሚለው መልስ ሲመጣ ስክሪንሹት አንሡና አስቀምጡ። ቀብዱ ሲገባ ሥራ ጀምሩ። በቴሌብር ይሁን በባንክ፣ በሚከፈልበት ሰዓት ምክንያቱ ላይ የሥራው ስም እንዲጻፍ ጠይቁ።

ስለ እርማት የተጻፈውን መስመር ደግማችሁ አንብቡት። ይህን ሥራ አክሳሪ የሚያደርገው ማለቂያ የሌለው «እንደገና» ነው። ስሕተታችሁን ማረም ግዴታችሁ ነው። ደንበኛው ስልክ ቁጥር ስለቀየረ መቅዳት ግን አዲስ ሥራ ነው።

ስለ ማሽን ድምፅ ያለው መስመርም ቅንጦት አይደለም። አማርኛ የሚያነቡ የማሽን ድምፆች አሉ፤ ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ የሚል ስም የሰጣቸው ለምሳሌ። ከኦንላይን የሚመጡ አንዳንድ «የሙከራ ንባቦች» እርስ በርስ የማይገናኙ መቶ ምናምን ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ማስታወቂያ አይሆንም፤ ለማሽን ማሠልጠኛ የሚሰበሰብ የድምፅ መረጃ ነው። መሥራት ከፈለጋችሁ ሥሩ፤ ግን ምን እንደሆነ አውቃችሁ፣ በዚያ ልክ ዋጋ ጠይቃችሁ፣ የት እንደሚውል ጽፋችሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች፣ ማለትም ሥራን በድምፅ ወይም በትወና ለሚያቀርቡ ሰዎች፣ መብት ይሰጣል። ቢሆንም ሁሉን ነገር ለአዋጁ አትተዉለት፤ ክርክር ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው በመካከላችሁ የተጻፈው ነው።

ደረጃ 7፦ ቅጂና ማስረከብ

ከመቅዳታችሁ በፊት ጽሑፉን በብዕር እለፉበት። ጠብቀው የሚነበቡትን ምልክት አድርጉ። የሰውና የቦታ ስሞችን፣ ዓመተ ምሕረቱ በእኛ ይሁን በፈረንጆቹ፣ ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። የአንድ ቀበሌ ስም አበላሽቶ ማንበብ ሥራውን ሁሉ ያስመልሳል።

ለቪዲዮ በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ በ24 ቢት ዌቭ (ባልታመቀ የድምፅ ፋይል) ቅዱ። በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር) 1 ደቂቃው 8.6 ሜጋባይት ገደማ ስለሚሆን ለረጅም ሥራ የዳታ ወጪውን ቀድማችሁ አስቡ። በቴሌግራም ስትልኩ በድምፅ መልእክት ሳይሆን በፋይል ላኩ፤ አለበለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። ለማሳያ የሚላከው በመካከሉ «ናሙና» የሚል ድምፅ የገባበት ይሁን። ቀሪው ክፍያ ሲገባ ንጹሑን ላኩ። ቅር የሚለው ደንበኛ ቢኖርም በመጀመሪያው መልእክት ላይ ስለተጻፈ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ደረጃ 8፦ ክፍያን መከታተል

ግለሰብና ሱቅ ከሆነ ከላይ ያለው ይበቃል። መሥሪያ ቤት ግን ቀብድ ላይከፍል ይችላል። እዚያ የሚያድናችሁ የቀን መቁጠሪያ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ግንቦትና ሰኔ ላይ በጀት ለመዝጋት የሚሯሯጡ ሥራዎች ይበዛሉ። ሥራው በሰኔ ካለቀና ክፍያው ሰኔ 30ን ከተሻገረ ግን ገንዘቡ በአዲሱ በጀት ውስጥ እስኪገኝ ረጅም ጊዜ ልትጠብቁ ትችላላችሁ። ስለዚህ የሰኔን ሥራ ከመቀበላችሁ በፊት የግዥ ትእዛዙ በጽሑፍ ይምጣ። ያስረከባችሁ ዕለት ደረሰኙንና የርክክብ ፊርማውን ፋይናንስ ክፍል አድርሱ፤ የተቀበለውን ሰው ስምና ቀን ጻፉ።

ከዚያ በተወሰነ ቀን፣ ለምሳሌ በየሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት፣ ደውሉ። በትሕትና ደውሉ፣ ግን አትዝለሉ። «ጋሼ፣ የሚያዝያ 12ቱ የክፍያ ጥያቄ የት ደረሰ?» የሚል ቁርጥ ያለ ጥያቄ «እንዴት ነው ነገሩ?» ከሚለው ይልቅ ቁርጥ ያለ መልስ ያመጣል። አካላችሁም ይታይ። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የጅማ ደንበኛ ግን በባጃጅ ይደረሳል፤ ይህ የእኛ ጥቅም ነው።

ደረጃ 9፦ ከውጭ የሚመጣ ሥራ

በኢትዮጵያ ፔይፓል ገንዘብ መቀበያ ሆኖ አያገለግልም። ደንበኛው «በፔይፓል እልካለሁ» ካለ ከመቅዳታችሁ በፊት ሌላ መንገድ ተስማሙ። የባንክ ዝውውር ከሆነ ባንካችሁ ሄዳችሁ የስዊፍት ኮዱን (የባንኩን ዓለም አቀፍ መለያ)፣ ስማችሁ በሂሳቡ ላይ እንዴት እንደተጻፈና የሚቆረጠውን ጠይቁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሬ በገበያ ስለሚወሰን ዋጋችሁን በዶላር ጥሩ፤ የማስተላለፊያውን ወጪ የሚሸፍነው ማን እንደሆነም ጻፉ። ከዋጋው በላይ ቼክ ልኮ «ትርፉን መልሱልኝ» የሚል ካጋጠማችሁ አጭበርባሪ ነው፤ መልስ አትስጡት።

ደረጃ 10፦ ባዶ ወራት

ገቢው በየወሩ እኩል አይመጣም። ጅማ ላይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ሲለቀም ከተማው ውስጥ ብር ይንቀሳቀሳል፣ ሱቆችም ያስተዋውቃሉ። ሐምሌና ነሐሴ ግን ገበያው ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ገንዘቡ በገባበት ሰዓት ለግብርና ለክረምት የሚሆን ድርሻ ወደ ሌላ ሂሳብ አዛውሩ። ዕቁብ ከገባችሁ ዕጣችሁ ሰኔ ላይ እንዲወጣ ዳኛውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ።

በቀዝቃዛው ጊዜ የቆዩ ደንበኞችን ዝርዝር አውጡ። የአገልግሎት ጊዜው ያለቀበትን ስፖት ፈልጉ፦ «የስፖቱ 3 ወር ባለፈው ሳምንት አልቋል፤ ማራዘም ትፈልጋላችሁ?» ይህ መልእክት ማይክ ሳትነኩ ገቢ ሊያመጣላችሁ ይችላል፤ የምትልኩት ግን የአገልግሎቱን ጊዜ በመጀመሪያ ከጻፋችሁት ብቻ ነው።